ጅብ ሰው ፍለጋ፤ ከኮምቦልቻ እስከ ጦሳ ግርጌ

ሐሙስ

ከአዲስ አበባ የወጣነው ገና ሳይነጋ ነው። ከደብረ ብርሃን በኋላ ጉም መንገዱን ዋጠው፤ ጣርማ በር ስንደርስ ከፊታችን ከሚሄደው መኪና የሚታየን የኋላ መብራቱ ብቻ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆፈረውን ዋሻ ገብተን ስንወጣ ግን ጉሙ እላያችን ቀረ፤ አገሩ ቁልቁል ተዘረጋ። ደብረ ሲና ላይ ሾፌሩ ገና ፍሬን ሳይዝ ቆሎ የታቀፉ ልጆች መስኮቱን ከበቡት። ሁለት ላስቲክ ገዛሁ፤ አንዱን ለራሴ፣ አንዱን ኮምቦልቻ ለሚጠብቀኝ አጎቴ።

የመጣሁበትን ጉዳይ ልናገር። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ረጅም ምናባዊ ታሪክ እየጻፍኩ ነው። በታሪኩ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚፈራው አንድ ዘር አለ፤ ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ የሚሆን። ስሙን ከሌላ አገር ተረት መዋስ አልፈለግሁም። የኛው ጅብ ሰው እያለ ምን ሲባል! አኗኗራቸውን፣ ጋብቻቸውን፣ ምግባቸውን፣ ሕጋቸውን ጻፍኩ። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ግን እጄ ቆመ። ስለዚህ ዘር የማውቀው ሁሉ ልጅ ሆኜ ደሴ፣ ቡና ላይ የሰማሁት ነው፤ እዚያ ደግሞ ጅብ ሰው ተረት አልነበረም። ስም ነበረው፤ ቤቱ ይታወቅ ነበር፤ ጎረቤት ነበር። ጭራቅ እንኳ ማንም ሰፈር አልኖረም፤ ዋሻው ሁልጊዜ ከሰባት ተራራ ማዶ ነው። ይኼን ልዩነት ሳልለይ አንድ ገጽ መጨመር አልቻልኩም። ስለዚህ ወሬው ከተነገረበት ሄጄ እንደገና ልሰማው ወሰንኩ።

ሸዋ ሮቢት ላይ ሹራቤን አወለቅሁ። ከሚሴን፣ ሐርቡን አለፍን፤ ኮምቦልቻ ስንገባ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር።

አጎቴ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እራት ላይ ነገሩን ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «ሁለተኛ ፈረቃ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነበር የሚያልቀው» አለ። «በቦርከና ዳር በእግር እንገባ ነበር። እኔ የሚያጉረመርም ጅብ ፈርቼ አላውቅም፤ ድንጋይ ካነሣሽ ይሸሻል። የምፈራው ቆሞ አይቶኝ መንገድ የሚለቅልኝን ነበር። የሚያውቀኝ ይመስለኛል።»

ይኼን ሲናገር አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም። ከመተኛቴ በፊት ቃል በቃል ጻፍኩት፤ ሰው ከአውሬ የበለጠ የሚፈራው የሚያውቀውን ፊት ነው የሚለውን ነገር እስከ ዛሬ እንዲህ አሳጥሮ የነገረኝ የለም።

ዓርብ

በልጅነቴ ወሬ ጅብ ሰው የሚባሉት ብረት ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ነበሩና፣ አጎቴ ከገበያው ጀርባ ወደሚሠሩ አንድ ብረት ቀጥቃጭ ወሰደኝ። የቆርቆሮ ዳስ ናት፤ ጥግ ላይ የከሰል ምድጃ፣ መሐል ላይ ግንድ ውስጥ የተተከለ መስፍ፣ ግድግዳው ላይ ጉጠቶች በመጠናቸው ተሰቅለዋል። ድሮ በፍየል ቆዳ ወናፍ ነበር የሚያናፉት፤ አሁን ልጃቸው የገጠመላቸው የኤሌክትሪክ ማራገቢያ አለ። መብራት ሲጠፋ ግን ወናፉ ከተሰቀለበት ይወርዳል። ዛሬ መብራት አልነበረም። የልጃቸው ልጅ፣ ስምንት ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ወናፉን ትነፋለች።

ማጭድ እየሠሩ ነበር። ብረቱ ከአሮጌ የጭነት መኪና የወጣ ባሌስትራ ነው፤ ሱቅ ከሚሸጠው ብረት ይልቅ እሱ ስለት ይይዛል አሉኝ። ከእሳቱ ሲወጣ መጀመሪያ የቼሪ ቀይ ነበር፤ መልሰው ከተቱትና የብርቱካን ልጣጭ ሲመስል አወጡት። ያኔ መዶሻው ሲያርፍበት ብረቱ እንደ ሊጥ ይተኛል። ሲጠቁር መምታት ያቆማሉ፤ ቢመቱት ይሰነጠቃል። ቅርጹን ሲጨርሱ የስለቱን ጠርዝ ብቻ በውኃ ነክረው አወጡትና ቀለሙ ከጀርባው ወደ ስለቱ ሲመለስ እያዩ ጠበቁ፤ ከገለባ ቢጫ ወደ ቡናማ እስኪዞር። ከዚያ ሙሉውን ከተቱት። ውኃው ጮኸ፤ ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች።

«በሩን ለምን ዘጉት ጋሼ?» አልኳቸው። በእኩለ ቀን በሩን ገርበብ አድርገውት ነበር።

«የብረት ቀለም በጠራራ ፀሐይ አይታይም ልጄ። ጨለማ ይፈልጋል። አባቴ ደህናውን ሥራ የሚሠራው ሌሊት ነበር።»

እዚህ ላይ ደብተሬን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። «ሌሊት አይተኙም» የሚለውን ወሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ሌሊት ከጎጆው ቀዳዳ ቀይ ነገር ይታያል፣ ድም ድም የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ጠዋት ደግሞ ሰውየው ዓይኑ ከጭስ የተነሣ ቀልቶ፣ አመድ ለብሶ ይወጣል። የጅብ ሰው አመድ ላይ ተንከባሎ ነው የሚለወጠው ይባላል። አመዱ ከየት እንደመጣ ዛሬ ከእግራቸው ሥር አየሁት።

የመጣሁበትን ስነግራቸው ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን አልተቆጡም። «ጠይቂኝ» አሉ። «ዕድሜ ልኬን ሲጠየቅ የኖረ ነገር ነው፤ ፊት ለፊቴ ስትጠይቂኝ ግን አንቺ ሁለተኛዋ ነሽ።» የመጀመሪያው ማን እንደሆነ አልነገሩኝም።

ልጅ ሆነው ሠርግ ሲጠሩ መብያቸው ለብቻ ነበር፤ የጠጡበት ዋንጫ ከሌላው ዕቃ ጋር አይታጠብም። በዘር ወቅት ገበሬው ማረሻውን ይዞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይመጣል፤ አሹለው ይሰጡታል፤ ቀን ገበያ ላይ ሲያገኛቸው ደግሞ ልጁን በጋቢው ይሸፍናል። ሴት ልጅ ለእነሱ የሚሰጥ ስላልነበረ እርስ በርሳቸው ይጋባሉ። ያም ተመልሶ «ዘራቸውን የሚጠብቁት ለዚያ ነው» ተባለ። «አባቴ ጠይብ ሲሉት ምን ይለን ነበር መሰለሽ? ‹ጠቢብ ማለታቸው ነው፤ አንደበታቸው ተይዞ ነው።›» ትክክል ነበሩ። ጠይብ የሚለው ቃል ሥሩ ጠቢብ ነው። ብልሃተኛ፣ አዋቂ ማለት የነበረ ቃል ነው ስድብ የሆነው።

ማጭዱን ልግዛ ስላቸው ገና መሳል ይቀረዋል አሉኝ። ስመለስ እወስደዋለሁ።

ቅዳሜ

በሚኒባስ ወደ ደሴ። በሐረጎ ዳገት መንገዱ ይጠማዘዛል፤ በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ነው የሚወጣው፤ ጆሮ ይደፍናል። ወደ ኋላ ስመለከት የኮምቦልቻ ቆርቆሮ ጣሪያ ሁሉ በፀሐይ ያበራል፤ ወደ ፊት ደግሞ ጦሳ በበልግ ደመና እስከ ወገቡ ተጠምጥሟል።

አክስቴ ቤት ስገባ እጣኑ እየጨሰ ነበር። ወሎ ውስጥ ቡና ለብቻ አይጠጣም፤ ግራ ቀኝ ያሉ ጎረቤቶች ተጠርተዋል። አንዷ ክርስቲያን፣ ሁለቱ ሙስሊም፣ ሁሉም ከአክስቴ ጋር አብረው ያረጁ። ሁዳዴ ስለሆነ አክስቴ ቁርሱን ቆሎና የጾም ዳቦ አድርጋዋለች። ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው አንዷ፣ «ስሙን ሳትጠሪ አውሪ» አለችኝና ወደ በሩ አየች። ከዚያ ግን ከአቦል እስከ በረካ አላቆሙም።

እንደነገሩኝ ላስቀምጠው፤ የትም ተጽፎ ያላገኘሁት አለበትና።

አመጣጣቸው እንዲህ ነው። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት። ፈጣሪ ልጆችሽን አሳይኝ ሲላት እንዳይወስድባት ፈርታ 15ቱን ደበቀች። እሱም ያየውን አይቶ፣ የተደበቁት እንደተደበቁ ይቅሩ አለ። ከእነዚያ የተወለዱት ናቸው። («እኛ ሐዋ ነው የምንላት፤ ልጆቹ ግን ያው ናቸው» አለች አንዷ ጎረቤት፤ ሌሎቹም አዎ አሉ።) እንግዲህ በዚህ ነገር ጅብ ሰው ሌላ ፍጥረት አይደለም፤ ያልታየው ወንድማችን ነው። ይኼን ሲተርኩ አንዳቸውም ያን ያህል ትኩረት አልሰጡትም፤ እኔ ግን ከሰማሁት ሁሉ ያስደነገጠኝ ይኼ ነው።

ኃይላቸው በዓይናቸው ነው። ያማረ ልጅ፣ የምትታለብ ላም፣ ደስ ያለው ሰው ካዩ ይበላሉ፤ የሚበሉት ሥጋውን ሳይሆን ውስጡን ነው፤ ሰውየው ይጠወልጋል። ከጠላት ይልቅ ወዳጅን ይበላሉ፤ ቡዳ በወዳጁ ይጠናል የሚባለው ለዚህ ነው። የበሉት ሲሞት ሌሊት ከመቃብር ያወጡታል፤ በበትር መትተው ያስነሡትና ውኃ ያስቀዱታል፣ እንጨት ያስፈልጡታል። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ድንጋይ ወይም ማሰሮ አድርገው ጥግ ላይ ያስቀምጡታል። የሚፈሩት ጤና አዳም፣ ነጭ ሽንኩርትና ክታብ ነው። አመድ ላይ ተንከባሎ የተነሣ ጅብ በጆሮው ላይ ጉትቻ ይቀራል፤ በዚያ ይለያል።

ጉትቻው የአክስቴና የጎረቤቶቿ ብቻ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ የኖረው እንግሊዛዊው ዊሊያም ኮፊን፣ በወጥመድ የተያዙና በጦር የተወጉ ጅቦች ጆሮ ላይ የቡዳዎችን የመሰለ ጉትቻ በተደጋጋሚ አይቻለሁ ብሎ ነበር። ምን እንዳየ ልፈርድ አልችልም። ያንን ጉትቻ የሚሠራው ማን እንደሆነ ግን አውቃለሁ። ወርቁንም ብሩንም የሚያቀልጠው ያው ጠይብ ነው። ማሰሮውም እንዲሁ፤ የቀጥቃጭ ሚስት አብዛኛውን ጊዜ ሸክላ ሠሪ ነች። ተረቱ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ከእነሱ እጅ የወጣ ነው። ማረሻ፣ ማሰሮ፣ ጉትቻ። ያለ እነሱ ማረስም መቀቀልም መዋብም አልቻልንም፤ ይኼ ሁሉ ባለዕዳነት ፍርሃት ሆኖ ነው የወጣው ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው ሲኒ ላይ ለዓመታት ያልተናገርኩትን ተናገርኩ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ኮምቦልቻ አጎቴ ጋ ከርሜ በተመለስኩ በሳምንቱ አመመኝ፤ እየተንቀጠቀጥኩ እቃዣለሁ። ሐኪም ቤት ሳይሆን መጀመሪያ የሚያጨስ ሰው ተጠራ። ነጠላ ከነጭንቅላቴ አለበሱኝ፤ ከሥር የሚከረፋ ነገር አጨሱ። «ማን ነህ? የት አገኘሃት?» እያሉ ይጮሃሉ። ትንፋሽ አጠረኝ። ስም ካልተጠራ ጭሱ አይነሣም። እኔም ጠራሁ። የጠራሁት ከቤታችን በታች የነበረችውን ሸክላ ሠሪ ነው። ለምን እሷን? የዚያን ዕለት ጠዋት ትንሽዬ የጭቃ ጀበና ሠርታ ሰጥታኝ ስለነበር ነው፤ ጭሱ ውስጥ ሆኜ መጀመሪያ የመጣልኝ የእሷ ፊት ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ ክሊኒክ ወሰዱኝ። ወባ ነበር። ኪኒን ዋጥኩ፣ ዳንኩ። ስሙ ግን ተጠርቶ ቀረ።

«አስታውሳለሁ» አለች አክስቴ ቀስ ብላ። «ከዚያ በኋላ ከእሷ የሚገዛ ጠፋ። በዓመቱ ቤቷን ትታ ሄደች። አሁን በሕይወት የለችም፤ ሰምተናል።» ቤቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከጎረቤቶቿ አንዷ፣ «ልጅ ነበርሽ፤ አብሽሪ» አለችኝ። ሌላዋ ግን ሲኒዋን አስቀምጣ፣ «እኛስ? እኛ ልጅ ነበርን?» አለች።

አክስቴ ተነሥታ ጓዳ ወሰደችኝ። ጥግ ላይ ትልቅ ጋን አለ፤ ጠላ ከተጠመቀበት ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ አሁን ጤፍ ነው ያለበት። «የእሷ ነው» አለችኝ። በሞባይሌ መብራት አየሁት። አንገቱ ከሆዱ ጋር በሚገናኝበት ዙሪያውን በጠጠር ተወልውሎ አንፀባርቋል፤ አንድ ቦታ ላይ ግን፣ ሰው በማያየው በኋላው በኩል፣ ጭቃው ሳይደርቅ የተጫነ አውራ ጣት አለ። መስመሮቹ ሁሉ ይታያሉ። ጣቴን አስገባሁበት። የእኔ ጣት ሰፋ ይላል። ትንሽ ሴት ነበረች፤ ያኔ ግን በጣም ትልቅ ትመስለኝ ነበር።

እሑድ

ሌሊት ጅቡን ራሱን ለማየት ወጣሁ። የአክስቴ ልጅና በጦሳ ዳገት ግርጌ የሚጠብቁ አንድ ዘበኛ አብረውኝ ነበሩ። ከባድ ጋቢ ተደርቦም የደሴ ብርድ ይገባል።

ዘበኛው ስለ ጅብ የሚያውቁት ከመጻሕፍት አይደለም፤ ስለዚህ የተናገሩትን አንድም አላስቀረሁም። በሁዳዴ ጅቡ ይብስበታል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ይኼን የጠየቅሁት ትግራይ ውስጥ የተደረገ ጥናት አንብቤ ነው፤ በጾሙ ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ ጅቡ የሚያገኘው ቁርጥራጭ ይቀርበትና አህያ ወደ መብላት ይዞራል፤ ከኩሱ ውስጥ በተለቀመው ፀጉር ነው የታወቀው። ዘበኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እዚህ የሙስሊሙ ልኳንዳ መቼ ይዘጋል? በረመዳን እንኳ ማታ ይታረዳል። የደሴ ጅብ ጾም የለውም።»

ከእኩለ ሌሊት በኋላ መጡ። መጀመሪያ ድምፁ፤ ከሥር ተነሥቶ ወደ ላይ የሚሳብ፣ ደጋግሞ። እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይሰማል ይባላል፤ ከየት አቅጣጫ እንደሆነ ለማወቅ ግን ጆሮ ይቸገራል። ከዚያ ዓይኖች። ዘበኛው ባትሪውን ሲያበሩ አምስት ጥንድ አረንጓዴ ነጠብጣብ በራ። ከዓይናቸው ኋላ ብርሃን መልሶ የሚያንፀባርቅ ሽፋን አለ፤ የድመትም እንዲሁ ነው፤ ድመትን ግን በዚህ የጠረጠራት የለም።

አራቱ ቆመው አምስተኛው ሲመጣ ጭንቅላታቸውን ዝቅ አደረጉ። ትልቅ ነበር። «እሷ ናት» አሉ ዘበኛው። በዥጉርጉር ጅብ ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፤ መንጋውን የምትመራውም እሷ ናት፤ የእናት ማዕረግ ለልጅ ይወረሳል። አካሏ ከውጭ ሲያዩት ከወንዱ አይለይም፤ ለዚህ ነው ብዙ አገር ጅብ አንድ ዓመት ወንድ አንድ ዓመት ሴት ይሆናል የተባለው። ያንን ያመነ ሰው፣ አንድ ሌሊት ሰው አንድ ሌሊት ጅብ ቢባል ምን ይቸግረዋል? ግልገሉ እንኳ ከሌላው የተለየ ነው። ዓይኑን ገልጦ፣ ጥርስ አብቅሎ ነው የሚወለደው።

አጥንት ሲሰብሩ ሰማሁ። ደረቅ እንጨት በጉልበት ሲሰበር ያለውን ድምፅ ነው። መንጋጋቸው የላም ጭን አጥንት ይሰብራል፤ ጨጓራቸው አጥንቱን ያሟሟል፤ ኩሳቸው የሚነጣው ከዚያ ነው። ከዚያ አንደኛው ሳቀ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያስፈራኝ ድምፅ ነው። ትልቋ ስትጠጋው፣ የያዘውን ስትነጥቀው ነው የሳቀው፤ ያ ድምፅ የደስታ አይደለም፤ የጨነቀው ጅብ ድምፅ ነው። ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል የሚባለውም ቢሆን፣ የፊት እግሩ ከኋላው ስለሚረዝም የሰውነቱ ተዳፋትነት ነው።

ትልቋ ዞር ብላ አየችን። አጎቴ እንዳለው ነው፤ የምታውቀኝ መሰለኝ። ከዚያ መንገዱን ለቀቀችና ወደ ገደሉ ወረደች።

ሐረር ላይ ጅብን በእጅ ያበላሉ፤ ለአሹራ ገንፎ ይሠራለታል። አንድ አውሬ ነው፤ አንዱ ከተማ እንግዳ አደረገው፣ ሌላው ጎረቤቱን አለበሰው።

ሰኞ

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ከሰዓት በኋላ ትንሽ ሲያባራ አይጠየፍን ለማየት ወጣሁ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። ስሙ የመጣው ድሀ ሀብታም ሳይል ሁሉን ስለሚያበላ ነው ይላሉ ደሴዎች፤ ማንንም አይጠየፍም። ድንጋዩ በዝናቡ ጠቁሮ ነበር። ከፊት ለፊቱ ቆሜ ያሰብኩት የኮምቦልቻውን ሽማግሌ ዋንጫ ነው፤ ለብቻው የሚታጠበውን። ያን ያህል ሰው በሚበላበት አዳራሽ፣ ሥጋው የተቆረጠበትን ቢላ የሠራው ሰው የት ተቀምጦ ይሆን የበላው? የሚነግረኝ አላገኘሁም።

የሚካኤል አማት ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን በሥራው እየጠራችሁ የምትሰድቡ ተዉ የሚል። ከአዋጁ ወዲህ ከ100 ዓመት በላይ ሆኗል። እኔ ጭስ ውስጥ ሆኜ ስም የጠራሁት ከአዋጁ በኋላ ነው።

ማታ ደብተሬን አውጥቼ ሦስተኛውን ምዕራፍ ቀደድኩት። ጅብ ሰው በታሪኬ ውስጥ ይኖራል፤ አስፈሪ ዘር ሆኖ ግን አይደለም። ከ15ቱ የተደበቁ ልጆች አንዱ ሆኖ ነው፤ የሚናገረውም እሱ ራሱ ነው። ለሚያስፈራው ደግሞ ጭራቅን መለስኩት። ጸጉራም፣ ጥፍራም፣ «ሰው ሰው ይሸተኛል» እያለ ዋሻውን የሚዞር። ጭራቅን ብፈራው ማንም አይከስርም።

ማክሰኞ

አክስቴ ከጋኑ አንድ ቁና ጤፍ ሰፍራ አስያዘችኝ። «ከእሷ ጋን የወጣ ነው፤ ለሰውየው ስጪልኝ» አለች። ምክንያቱን አልነገረችኝም፤ አልጠየቅኋትም።

ኮምቦልቻ ስደርስ ማጭዱ ተስሎ፣ የወይራ እጀታ ገብቶለት ጠበቀኝ። ስለቱ ላይ ጥርስ ተወቅሮለታል፤ በአውራ ጣቴ ስሞክረው ያዝ ያዝ ያደርጋል። ጤፉን ስሰጣቸው ከማን እንደሆነ ነገርኳቸው፤ የጋኑንም ታሪክ አልደበቅኋቸውም፤ የጠራሁትን ስም ጭምር። ሰውየው ለረጅም ጊዜ እሳቱን አዩ። ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው ምሳ አዘዙ፤ በአንድ ትሪ ሽሮ ቀረበ። አራታችንም ከአንድ ትሪ በላን።

ትንሿ ልጅ ተረት ካልነገርሽኝ አትሄጂም አለችኝ። የጭራቁን ጀመርኩላት። ዋሻውን፣ ጸጉሩን፣ የታሰሩትን ልጆች፣ ካራውን በድንጋይ ሲስል የሚወጣውን ፉጨት። እዚህ ላይ አቋረጠችኝ።

«ካራውን ማን ሠራለት?»

መልስ አጣሁ። ወደ አያቷ ዞረች።

«አባባ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«እኔ አይደለሁም» አሉ ሽማግሌው፤ ጉጠታቸውን አንሥተው ብረቱን ወደ ፍሙ እየመለሱ። «እኔ ጋ አልመጣም። በይ ንፊ፣ ፍሙ እየጠፋ ነው።»

ልጅቷ ወናፉን ይዛ አሰበች። «እንግዲያ በእጁ ነው የሚበላቸው» አለችኝና መንፋት ጀመረች። «ቀጥይ።»